ማን ይከፍላል? የማህጆንግ መሠረታዊ ስልት ዳሰሳ ለቱቅባ ጀማሪ

ማህጆንግ የሚያስተምር ሰው ለጀማሪ ሦስት ምክር አያጣም፤ «ቶሎ ዝጋ»፣ «ትልቅ እጅ ሥራ»፣ «አደገኛ ጠጠር አትጣል»። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ሦስቱን በአንድ እጅ መፈጸም ግን አይቻልም። የቸኮለ ሰው ትልቅ እጅ አይሠራም። ትልቅ እጅ የሚሠራ ሰው አደገኛ ጠጠር መጣሉ አይቀርም። ከአደጋ የሚሸሽ ደግሞ ቶሎ አይዘጋም። እንግዲህ ስለ መሠረታዊ ስልት ስንጠይቅ የምንጠይቀው የትኛው ምክር መቼ እንደሚቀድም ነው። መጻሕፍቱንም ሆነ ልዩ ልዩ ደንቦቹን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው መልሱ አንድ ቦታ ላይ ይገኛል፤ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው የሒሳቡ ደንብ ነው፤ በተለይም አንድ ሰው ሲዘጋ ከፋዩ ማን እንደሆነ።

ጉዳዩ ቱቅባ ለሚኖር ሐበሻ የቅርብ ጉዳይ ነው። ቱቅባ በኾበር መሀልና በዳህራን መካከል ያለ የሠራተኛ ሰፈር ነው። በጋራዡ፣ በሱቁና በኪራይ ቤቱ ፊሊፒናዊው፣ ህንዱ፣ ፓኪስታኑ፣ ባንግላዲሹ፣ የመኑና ሐበሻው በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ በአንድ ደረጃ ይወርዳሉ። ሳዑዲዎቹ በየእስትራሃው ባሉት የተባለውን የካርታ ጨዋታቸውን ይዘው ያመሻሉ፤ እኛ ደግሞ ኮንከራችን አለን። ማህጆንግ ወደ ሐበሻው የሚቀርበው በሌላ በር ነው፤ በፊሊፒናዊ የሥራ ባልደረባ፣ በስልክ ላይ ጨዋታና በቪዲዮ። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ፊሊፒናዊው የሚያስተምረው የፊሊፒንስን ደንብ ነው፤ ስልኩ ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የጃፓኑ ነው፤ ቪዲዮው ደግሞ የሆንግ ኮንግን ወይም የቻይናን ይፋዊ ደንብ ያሳያል። ሦስቱም ማህጆንግ ይባላሉ፤ በአንዱ የሚያዋጣው ምክር ግን በሌላው ይጎዳል።

አንድ ስም፣ ብዙ ሒሳብ

ማህጆንግ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ቻይና ውስጥ፣ ከቀደሙ የካርታ ጨዋታዎች ተነስቶ ነው። ወደ አሜሪካ በሰፊው የገባው ደግሞ በአንድ የነዳጅ ኩባንያ ሠራተኛ አማካይነት ነው። በሱዡ ከተማ ለስታንዳርድ ኦይል ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ፓርክ ባብኮክ እ.ኤ.አ. በ1920 ቀለል ያለ የደንብ መጽሐፍ አሳተመ፤ ጠጠሮቹ ላይም ቻይንኛ የማያነብ ሰው እንዲለያቸው የምናውቃቸውን ቁጥሮች አስቀረጸ። ከዚያው ስም የወጣው የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል እ.ኤ.አ. በ1933 ከሳዑዲ መንግሥት ጋር የነዳጅ ፍለጋ ውል ፈረመ፤ በ1938 ዳማም ቁጥር 7 የተባለው ጉድጓድ በገፍ ሲያመርት ኾበርንና አካባቢዋን ያሳደገው ዘመን ተከፈተ። ጨዋታውም ሰፈራችንም የነዳጅ ሠራተኛ እጅ ያለባቸው ናቸው።

ደንቡን የለወጠው ባብኮክ ብቻ አይደለም፤ ጨዋታው አገር በገባ ቁጥር አገሩ ሒሳቡን እንደገና ሠራው። አኔሊስ ሄይንዝ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመችው የታሪክ መጽሐፏ ማህጆንግ በአሜሪካ እንዴት የራሱን መንገድ እንደያዘ በዝርዝር ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ1937 የተመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የማህጆንግ ማኅበር በየዓመቱ የሚለወጥ የእጆች ዝርዝር ያወጣል፤ ጆከርም ይጠቀማል። ጃፓኖች ሪቺ የተባለውን ደንብ አበጁ። ታይዋንና ፊሊፒንስ 16 ጠጠር ያዙ። በሲቹዋን ደግሞ በ108ቱ የቁጥር ጠጠሮች ብቻ ይጫወታሉ፤ በሰፊው በተለመደው ዓይነት አንድ ሰው ሲዘጋ ዙሩ አያበቃም፣ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ቻይና ራሷ እ.ኤ.አ. በ1998 ለውድድር የሚሆን ይፋዊ ደንብ አወጣች፤ 81 ዓይነት የነጥብ ምንጭ ያለው። በእነዚህ ሁሉ ጠጠሩ ብዙም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የድል ዋጋና የኪሳራው አከፋፈል ነው።

ለሁሉም የሚሠራው፦ ቆጠራ

ሙሉ ስብስቡ 144 ጠጠር ነው። 108ቱ በሦስት ወገን ይከፈላሉ፤ ክብ፣ ቀርከሃና ፊደል። እያንዳንዱ ወገን ከ1 እስከ 9 ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥርም አራት አራት ነው። የቀሩት 16 ንፋሶች፣ 12 ዘንዶዎችና 8 አበቦች ናቸው። በአብዛኛው ደንብ ተጫዋች 13 ጠጠር ይይዛል፤ ተራው ሲደርስ አንድ ያነሳል፣ አንድ ይጥላል። አራት ስብስብና አንድ ጥንድ ሲሞላለት ይዘጋል። ስብስብ የሚባለው ሦስት ተመሳሳይ፣ ማለትም ፖንግ፣ ወይም ከአንድ ወገን ሦስት ተከታታይ፣ ማለትም ቻው ነው። ኮንከር የሚያውቅ ሰው እዚህ ድረስ አይቸገርም።

የመጀመሪያው የስልት ትምህርት ብቻውን የቆመ ጠጠር ስንት ዘመድ እንዳለው መቁጠር ነው። 5 ቁጥር ይዘሃል እንበል። 3፣ 4፣ 6 እና 7 ከጎኑ ቢመጡ ለተከታታይ ይረዱታል፤ አራት አራት ስለሆኑ 16 ናቸው። የራሱ ሦስት መሰሎችም አሉ። በድምሩ 19 ጠጠር ይጠቅመዋል። ከ3 እስከ 7 ያሉት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። 2 እና 8 በ15 ይጠቀማሉ፤ 1 እና 9 በ11። ንፋስ ወይም ዘንዶ ግን ተከታታይ ስለማይሠራ ከሦስቱ መሰሎቹ ሌላ ዘመድ የለውም። «መጀመሪያ ብቸኛ ንፋስን፣ ቀጥሎ ዳር ቁጥሮችን ጣል» የሚለው የታወቀ ምክር የተወለደው ከዚህ ቆጠራ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የሚጠበቀውን ጠጠር ዓይነት ማወዳደር ነው። 6–7 የያዘ ሰው 5ም 8ም ይሞላለታል፤ ስምንት ጠጠር ይጠብቃል። 7–9 የያዘ 8ን ብቻ ይጠብቃል፤ አራት ጠጠር። 1–2 የያዘም 3ን ብቻ ይጠብቃል፤ እሱም አራት። ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነው ጥንቅር ከሌላው እጥፍ ዕድል አለው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ስጦታ አያስፈልግም፤ እስከ ስምንት መቁጠር ይበቃል።

ሦስተኛው ክፍልፋይ መቁጠር ነው። የሪቺን ስልት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያስተዋወቀው ዳይና ቺባም አጥብቆ የሚያስረዳው ነጥብ ነው። አራት ስብስብና አንድ ጥንድ አምስት ክፍልፋይ ነው፤ ስለዚህ እጅህን በአምስት ክፍልፋይ ማየት ልመድ። ስድስተኛ ጅምር የያዘ ሰው አንዱን መጣሉ ስለማይቀር ደካማውን ቀደም ብሎ ቢሰናበተው ይሻለዋል። አራት ብቻ ያለው ደግሞ መሀል ቁጥሮችን ሳይቸኩል ያቆያል።

አንድ እጅ፣ አራት ጠረጴዛ

የሚከተሉትን 14 ጠጠሮች እንይ፤ ክብ 2–3–4 እና 6–7፤ ቀርከሃ 5–5 እና 7–9፤ ፊደል 3–4–5 እና 9፤ አንድ ምሥራቅ ንፋስ። ሁለት ስብስብ ሞልቷል። ጥንድ አለ። 6–7 ክብ እና 7–9 ቀርከሃ ጅምር ናቸው። አምስቱ ክፍልፋይ ተሟልቷል፤ ፊደል 9 እና ምሥራቅ ትርፍ ናቸው። ምሥራቅን ብንጥል ክብ 5 ወይም 8፣ አለዚያም ቀርከሃ 8 ሲመጣ ለመዝጋት አንድ ጠጠር ብቻ ይቀረናል። ያ 12 ጠጠር ነው። ቀርከሃ 8 ቀድሞ ቢመጣ የመጨረሻው ጥበቃ ክብ 5 እና 8፣ ማለትም ስምንት ጠጠር ይሆናል። ክቡ ቀድሞ ከሞላ ግን በአራት ቀርከሃ 8 ላይ እንንጠለጠላለን። ቀርከሃ 6 ቢመጣ ደግሞ ያ ደካማው ጅምር 6–7 ሆኖ ሁለት ጫፉ ይከፈታል፤ ቀርከሃ 9 ትርፍ ይሆናል።

በቆጠራ ብቻ ሲታይ ይህ ያማረ እጅ ነው። አሁን አራት ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠው።

በጃፓኑ ሪቺ እጁ ሳይገለጥ ለመዝጋት አንድ ጠጠር ብቻ ሲቀረው ተጫዋቹ «ሪቺ» ብሎ ማወጅ ይችላል፤ ያ ራሱ ለመዝጋት የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ መስፈርት ያሟላል። ስለዚህ ጥሩ እጅ ነው፤ ጎረቤት የጣለውን ጠጠር ለማንሳት ሲባል ከተገለጠ ግን ያ መብት ይቀራል። በሆንግ ኮንግ ደንብ ብዙ ጠረጴዛዎች ፋን በሚባለው የነጥብ መለኪያ ቢያንስ 3 ፋን ይጠይቃሉ፤ ሁሉም ተከታታይ መሆኑ አንድ ፋን ይሰጣል፣ ቀሪውን ከሌላ መፈለግ ያሻል። በቻይና ይፋዊ ደንብ ዝቅተኛው 8 ነጥብ ነው፤ ሁሉም ተከታታይ መሆኑ የሚያስገኘው 2 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ይህ «ያማረ» እጅ ሞልቶም ላይዘጋ ይችላል። እዚያ ተጫዋቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ 8 ነጥቡ ከየት እንደሚመጣ ማቀድ አለበት፤ ፍጥነት የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

በፊሊፒንሱ ጠረጴዛ እጁ ራሱ ይለወጣል። 16 ጠጠር ይያዛል፤ ለመዝጋት አምስት ስብስብና አንድ ጥንድ ያስፈልጋል። ንፋሶቹና ዘንዶዎቹ ሁሉ ከአበባ ጋር ይቆጠራሉ፤ የደረሰው ሰው ወደ ጎን አስቀምጦ ምትክ ያነሳል። «ብቸኛ ንፋስን ቀድመህ ጣል» የሚለው ከስልክ የተማርነው ምክር እዚህ ቦታ የለውም። 36ቱ አበባ ሲሆኑ በእጅ የሚሠራባቸው 108ቱ የቁጥር ጠጠሮች ብቻ ናቸው፤ እጆቹ በአብዛኛው በተከታታይ የሚሞሉ ናቸው፤ ክፍልፋዩም ስድስት ነው። መሀል ቁጥሮች ይበልጥ ይከብራሉ፤ ፍጥነትም ይቀድማል፤ ምክንያቱም ጎረቤትም በዚያው ፍጥነት እየሞላ ነው።

ከፋዩ ማን ነው?

እስካሁን ያየነው የመዝጋትን ጎን ነው። ግን አራት ሰው በሚጫወትበት ጠረጴዛ እጅግ ጠንካራው የሪቺ ተጫዋች እንኳ የሚዘጋው ከአራት ዙር አንዱን ገደማ ነው። በቀሩት ሦስቱ ሌላ ሰው ይዘጋል ወይም ዙሩ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ የማይዘጉበትን እጅ እንዴት እንደሚጫወቱት ማወቅ የጨዋታው ትልቁ ክፍል ነው፤ ጀማሪ የሚያንሰውም እዚህ ነው።

አከፋፈሉን እናወዳድር። በሪቺ በተጣለ ጠጠር ከተዘጋ ጣዩ ብቻውን ይከፍላል። ማንጋን የሚባለው እጅ ጠጠር አከፋፋይ ባልሆነ ተጫዋች ሲዘጋ 8000 ነጥብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 25000 ይዞ የጀመረው ጣይ ሲሶ ገደማውን በአንድ ስህተት ያጣል። ሌሎቹ ሁለቱ ምንም አይከፍሉም። በቻይና ይፋዊ ደንብ ግን ጣዩ የእጁን ነጥብና 8 ይከፍላል፤ ሌሎቹ ሁለቱም 8 ስምንት ይከፍላሉ። በ8 ነጥብ እጅ ጣዩ 16፣ ሌሎቹ 8 እና 8 ማለት ነው። ያኔ እጁን ሰብሮ ራሱን ያዳነ ሰው ያተረፈው 8 ነጥብ ብቻ ነው። እጁ የ88 ነጥብ ከሆነ ግን ጣዩ 96 ሲከፍል ሌላው ያው 8 ነው። በአሜሪካው ደንብ ጣዩ እጥፍ፣ ሌሎቹ ነጠላ ይከፍላሉ። አላን ሚሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ጥንታዊው የቻይና አከፋፈል ደግሞ ጣዩን ለብቻው አይቀጣም፤ ሁሉም ለዘጊው ይከፍላል፣ ምሥራቅ ሆኖ የተቀመጠው ጠጠር አከፋፋይ እጥፍ ይከፍላል፣ እጥፍም ይቀበላል፤ ያልዘጉትም በየያዙት ስብስብ እርስ በርስ ይተሳሰባሉ።

ከዚህ ስልቱ ራሱ ይወጣል። ጣዩ ብቻውን በሚከፍልበት ጠረጴዛ መከላከል ከመዝጋት እኩል ክብር አለው፤ ሌላው ዝግጁ መሆኑ ከታወቀና የራስ እጅ ገና ሩቅ ከሆነ እጅን ሰብሮ አስተማማኝ ጠጠር መጣል ትክክለኛ ጨዋታ ነው። ሁሉም በሚከፍልበት ጠረጴዛ በመሸሽ የሚተርፈው ትንሽ ስለሆነ ወደፊት መግፋት ያዋጣል። በመካከለኛዎቹ ደንቦች ተጫዋቹ የተቃራኒውን እጅ መጠን መገመት አለበት፤ ለትንሽ እጅ አይሸሽም፣ ለትልቁ ይሸሻል። «ተከላካይ ሁን» እና «አጥቂ ሁን» የሚሉ አስተማሪዎች የሚከራከሩት አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ አከፋፈል ላይ ሆነው ነው።

የተጣሉ ጠጠሮች ምን ይናገራሉ?

የመከላከል ጥበብ በይበልጥ የዳበረው በጃፓን ነው፤ ምክንያቱም ደንቡ ራሱ መሣሪያ ይሰጣል። በሪቺ የሚጠብቀውን ጠጠር ቀድሞ የጣለ ሰው በሌላው ጥል መዝጋት አይችልም። ስለዚህ እርሱ ከዚህ ቀደም የጣለው ጠጠር በእርሱ ላይ ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ ነው። ከዚህ የሚቀጥል ሁለተኛ ንባብ አለ። ተጫዋቹ 4ን ከጣለ 2–3 ይዞ 1 እና 4ን ሊጠብቅ አይችልም፤ 5–6 ይዞ 4 እና 7ንም እንዲሁ። ስለዚህ 1 እና 7 ከሁለት ጫፍ ጥበቃ ነፃ ናቸው። 1–4–7፣ 2–5–8 እና 3–6–9 በዚህ መልክ ይተሳሰራሉ። ግን ዋስትናው ሙሉ አይደለም፤ በመሀል ክፍተት ወይም በጥንድ የሚጠብቅ ሰው አሁንም ሊይዝህ ይችላል።

ለሁሉም ደንብ የሚሠራው ንባብ ደግሞ አራቱም ቅጂ የታየ ጠጠርን መፈለግ ነው። አራቱ 7ቶች ጠረጴዛ ላይ ወይም በእጅህ ካሉ ማንም 7–8 ይዞ 9ን፣ ወይም 6–7 ይዞ 8ን ሊጠብቅ አይችልም። 8 እና 9 በአንድ ጊዜ ይቀላሉ። ይህ የደንብ ጉዳይ ሳይሆን የቁጥር ጉዳይ ስለሆነ በፊሊፒንሱም በሆንግ ኮንጉም ጠረጴዛ እኩል ያገለግላል። በጣለው ጠጠር መልሶ መዝጋት በሚፈቀድበት ጠረጴዛ ግን የጃፓኑን ንባብ እንዳለ ወስዶ መተማመን ስህተት ነው። ስልክ ላይ ተምሮ ከሰው ጋር የተቀመጠ ጀማሪ በጣም የሚጎዳው በዚህ ነጥብ ነው።

የዚህ ንባብ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ማሽንም መስክሯል። ማይክሮሶፍት ሱፊክስ የተባለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሲያደርግ ቴንሆ በተባለው የጃፓን የኢንተርኔት መድረክ ላይ 10ኛ ዳን ከተባለው ደረጃ ደርሶ ነበር። የሰውን እጅ ሳያይ፣ የተጣለውንና የተገለጠውን ብቻ አይቶ ነው። ጠረጴዛው ላይ ለሁላችን የተዘረጋው መረጃ ከምንጠቀምበት እጅግ ይበልጣል ማለት ነው።

የሰው ጠጠር መቼ ይነሳል?

ሌላው በተጣለ ጠጠር ሲሞላልን አንስተን ስብስቡን መግለጥ እንችላለን። ፖንግ ከማንም ይነሳል፤ ቻው ግን በግራችን ከተቀመጠው፣ ከእኛ በፊት ከሚጥለው ሰው ብቻ። ጀማሪ ያገኘውን ሁሉ ያነሳል፤ ፍጥነት ይመስለዋል። ሁለት ዋጋ ግን ይከፍላል። እጁ ለሁሉም ይታያል፤ በእጁ የሚቀረው ጠጠርም ስለሚያንስ አደጋ ሲመጣ የሚጥለው አስተማማኝ ጠጠር ያጣል። በሪቺ ላይ ሦስተኛ ዋጋ አለ፤ የማወጅ መብቱ ይቀራል።

ስለዚህ ከማንሳትህ በፊት ሁለት ነገር እይ። ይህ ጠጠር ደካማውን ጅምሬን ይሞላል ወይስ ራሱ የሚሞላውን? ከላይ ባየነው እጅ ለቀርከሃ 8 መቸኮል ትርጉም አለው፤ ለክብ 5 መቸኮል ግን ያንሳል፤ ምክንያቱም ክቡ ስምንት ዕድል ስላለው ይመጣል። ሁለተኛው፣ ከገለጥኩ በኋላ ዝቅተኛውን ነጥብ አሟላለሁ? ዝቅተኛ ነጥብ በሌለበት ጠረጴዛ ማንሳት ይቀላል፤ 8 ነጥብ በሚጠየቅበት ግን ያለ ዕቅድ የገለጠ ሰው እጁን በገዛ እጁ ቆልፏል።

ያለ ገንዘብ መጫወት

በሳዑዲ ቁማር በሕግ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ቱቅባ ውስጥ ይህ ጨዋታ ለነጥብ ብቻ የሚካሄድ መሆን አለበት። ይህ ለስልት ትምህርት የሚመች ቢሆንም አንድ ነገር ይጠይቃል። ኪሳራ የማይሰማው ሰው እጁን አይሰብርም፤ ሁልጊዜ ትልቁን ያሳድዳል፤ በመጨረሻም መከላከልን ሳይማር ይቀራል። መድኃኒቱ የየጁምዓውን ነጥብ በአንድ ደብተር ላይ ማከማቸት ነው። የወሩ ድምር በስሙ ሲነበብ ሰው ለ8000 ነጥብ እንደ ገንዘቡ ይጠነቀቃል፤ ማንም ግን ቤቱ የሚልከውን አያጣም። ከሥራ ውጭ ያለችን ትንሽ ሰዓት ከባልደረባ ጋር የምንስማማባት እንጂ የምንጣላባት እንዳትሆን ደብተሩ ራሱ ዳኛ ነው።

ሐበሻ ወደዚህ ጨዋታ ባዶ እጁን አይመጣም። ኮንከር ስብስብ መሥራትን አስተምሮናል፤ ገበጣ ደግሞ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ያለውን ጠጠር ሳይነኩ መቁጠርን። በአብዛኛው የሚቀረን የሌላውን ጥል እያነበቡ የራስን እጅ መተው ነው፤ እሱም በልምምድ ይገኛል።

ለጀማሪው የማቀርበው ቅደም ተከተል ይኼ ነው። መጀመሪያ ዝቅተኛ ነጥብ በሌለበት ጠረጴዛ ቆጠራውን ብቻ ይልመድ፤ የፊሊፒናዊው ባልደረባ ጠረጴዛ ለዚህ በጣም ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ቀጥሎ ጣዩ ብቻውን ወደሚከፍልበት ደንብ ይሻገር፤ መከላከልን የሚያስተምር ከሪቺ የተሻለ የለም። ነጥብ ማቀድን፣ የቻይናን ይፋዊ ደንብ ጨምሮ፣ መጨረሻ ያድርገው፤ የቆጠራና የመከላከል ልማድ ሳይኖር የነጥብ ዝርዝር መሸምደድ ግራ ያጋባልና። በየትኛውም ጠረጴዛ ሲቀመጥ ደግሞ ጠጠሩ ሳይደረደር ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፤ ስንት ጠጠር እንይዛለን? ለመዝጋት ቢያንስ ስንት ነጥብ ያስፈልጋል? ሲዘጋ ማን ይከፍላል? ሦስቱን የመለሰለት ሰው የጠረጴዛውን ስልት ግማሽ ነግሮታል፤ ሦስቱን ሳያውቅ የተሰጠው ምክር ግን ከየትኛውም ጌታ ቢመጣ የሌላ ጠረጴዛ ምክር ሊሆን ይችላል።